ቤት በሥራው ይኖራል፦ የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ታሪክና የገጠር ከተሞቻችን አሮጌ ቤቶች

፩. የነገሩ መነሻ

በምዕራብ በኩል በምትገኝ በአንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ፥ ከገበያው ራስጌ፥ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት አለ። የታችኛው ደርብ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው፤ የላይኛው ደርብ በእንጨት ቆሞ በጭቃ ተመርጎ በፊት ለፊቱ ሰገነት ወጥቶለታል፤ ክዳኑም ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ሽማግሎች እንደሚናገሩት ቤቱ በመጀመሪያ የአገር ገዢ መኖሪያ ነበረ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ የጦር መኰንኖች ተቀመጡበት፤ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት፥ ቀጥሎም የእህል ማከማቻ ሆነ፤ በመጨረሻም በሩ ተቆልፎ ቀረ። የከተማይቱን ስም የማንጽፈው የቤቱ ጉዳይ ገና በምክር ላይ ስላለ ነው።

እኛ በዚያች ከተማ ተወልደን ያደግን ነን። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ ሲይዘን የምንጠለለው ከዚያ ሰገነት ሥር ነበር። ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ ቤቱ ፈርሶ በቦታው አዲስ የሱቅ ሕንጻ ሊሠራ መታሰቡን ሰማን። ታሪክ ማጥናት የጀመርን ስለ ሆነ ነገሩ ቈጨን። የከተማው ሕዝብ በተሰበሰበበትም ዕለት ከጓደኞቻችን ጋር ተነሥተን ቤቱ ቅርስ መሆኑን፥ መፍረስም እንደማይገባው፥ ይልቁንም ሙዚየም ሊሆን እንደሚገባው በረጅሙ ተናገርን። ጭብጨባውም ጥቂት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ከሰገነቱ ሥር ሽንኵርትና ጨው ዘርግተው የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሡና እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ መልካም ተናገራችሁ። ነገር ግን ሙዚየም ካደረጋችሁት በኋላ ማን ይጠርገዋል? ፍርድ ቤት ሳለ ዘበኛ ነበረው፤ እህል ሳለበት ቁልፍ ያዥ ነበረው። ዛሬ ያለነው እኔና ጉሊቴ ነን። እኔም የምጠርገው የተቀመጥሁበትን ያህል ብቻ ነው።»

ስብሰባው ሣቀ፤ እኛም መልስ አጣን። ወደ ኮሌጅ ከተመለስን በኋላም ጥያቄው አልለቀቀንም። በመጽሐፍ ቤት ተቀምጠን የአገራችንን አሮጌ ቤቶች ታሪክ ስንመለከት፥ ጥያቄው የአንዲት ባለ ጉልት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የጠቅላላው የቅርስ ጥበቃ ቍልፍ ሆኖ አገኘነው። ይህች አጭር ጽሑፍም ለእማማ የምንሰጠው የዘገየ መልስ ናት። መልሱን የምንፈልገው በዋነኛነት በአንድ ቤት ታሪክ ውስጥ ነው፤ እርሱም የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ነው።

፪. ከተማ የሚሰደድበት ዘመን

በኢትዮጵያ ታሪክ የነገሥታት መቀመጫ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ የሚረጋ አልነበረም። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ጎንደርን ካቀኑ በኋላ ለረጅም ዘመን የጸና መዲና ቢገኝም፥ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር ከቦታ ወደ ቦታ መዞሩ የተለመደ ነበረ። ለዚህም አንዱ ምክንያት ጦርነትና ግብር ማስገባት ሲሆን ሌላው ማገዶ ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰፍር ምግቡን የሚያበስልበት፥ ብርዱን የሚከላከልበትና ቤቱን የሚሠራበት እንጨት ያሻዋል። በአቅራቢያው ያለው ደን ሲያልቅ እንጨት የሚመጣበት መንገድ እየራቀ ይሄዳል፤ መንገዱም እጅግ ሲርቅ እንጨቱን ወደ ከተማው ከማምጣት ከተማውን ወደ እንጨቱ መውሰድ ይቀልላል። ቤቶቹም በአብዛኛው ከእንጨት፥ ከጭቃና ከሣር የተሠሩ ስለ ነበሩ ትቶ መሄድ እንደ ዛሬ አልከበደም።

ዳግማዊ ምኒልክም በንጉሥነታቸው ዘመን ከአንኮበር ተነሥተው በልዩ ልዩ ስፍራ ከተቀመጡ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ። የእንጦጦ ተራራ ለመከላከያ የተመቸ ቢሆንም ብርዱና የማገዶው እጥረት አስቸጋሪ ነበረ። በ1879 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ካለበት ሜዳ በላይ ቤት እንዲሠራ አድርገው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከተማውም በቶሎ ሰፋ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ላኩ፤ የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይ፥ የመስኮብና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች በከተማው ዙሪያ ቦታ እየተሰጣቸው ቤት ሠሩ።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ችግር እንደገና ደረሰ። የአካባቢው ደን ተመናመነ፤ ማገዶ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀድሞው ልማድ አዲስ ስፍራ ፈለጉ። የመረጡትም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ዛሬ በአምቦ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ የሚገኘውን፥ በእጀሬ ምድር ያለውን ደን የከበበው ኮረብታ ነው። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ስሙን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው የታሰበው ነገር ግልጽ ነው፤ «አዲስ አበባ» የአንድ አበባ ስም ነው፤ «አዲስ ዓለም» ግን የአንድ ዘመን ስም ነው።

፫. ያልተጠናቀቀው መዲና

የአዲስ ዓለም ሥራ የተጀመረው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ነው። በኮረብታው ራስ ላይ ቤተ መንግሥት ይሠራ ጀመር፤ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስደው መንገድም በአገራችን በዘመናዊ አሠራር ከተጠረጉት የመጀመሪያ መንገዶች መካከል የሚቈጠር ሆነ። በዚያ ዘመን በምኒልክ ሥራ ላይ ከአገር ተወላጆቹ አናጢዎችና ግንበኞች ጋር ሕንዶችና ሌሎች የውጭ አገር ባለሙያዎች ይገኙ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተጋጠሙና ዕቅዱን ለወጡት። የመጀመሪያው የሌጋሲዮኖቹ ነገር ነው። መልእክተኞቹ በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት ሠርተው ስለ ነበር እንደገና ለመነሣት ፈቃደኞች አልሆኑም። ሁለተኛው፥ በከተማው ውስጥ መኳንንቱና ነጋዴው የሠሩት ቤት፥ የተቋቋመውም ገበያ፥ እንደ ድንኳን የሚነቀል መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው ግን ዛፍ ነው።

ከአውስትራልያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል። ማን እንዳስገባው የታሪክ ጸሐፊዎች የተለያየ ስም ቢጠቅሱም፥ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የፈረንሳዊው የሞንዶን ቪዳዬ ስም ነው። የዛፉ ጠባይ ለአዲስ አበባ እንደ ታዘዘ መድኀኒት ነበረ። ቶሎ ያድጋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ከሁሉም በላይ ሲቈረጥ ከጕቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ምኒልክም ተክሉን ደገፉት፤ ሰውም በየግቢው ተከለው። የማገዶው ነገር መፍትሔ ሲያገኝ ከተማውን ወደ ደን ለመውሰድ ያስገደደው ምክንያት ጠፋ። የጅቡቲው የምድር ባቡርም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ መዲናይቱ ፈጽማ ረጋች።

እንግዲህ በኮረብታው ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ምን ይሁን? የእኛ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ንጉሡ የማይቀመጡበት ቤተ መንግሥት ከገበያው ራስጌ ከተቈለፈው ቤት በምን ይለያል? ሁለቱም ሥራ የሌላቸው ቤቶች ናቸው።

ምኒልክ ግን ቤቱን አልቈለፉትም፤ አላፈረሱትምም። ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አደረጉና በእመቤታችን በቅድስት ማርያም ስም ተሰየመ። የጽዮን ስም ስለ ተሰጠውም የአክሱም ጽዮንን ክብር በማዕከላዊው አገር የሚያስታውስ ደብር ሆነ። አዲስ ዓለም መዲና መሆኗ ቢቀር የታወቀ ደብር ያለባት ከተማ ሆና ቀረች።

፬. ከዚህ ታሪክ የምናየው

ይህን ነገር ስናነብ በመጀመሪያ ያሰብነው፥ ይህ የቅርስ ጥበቃ ታሪክ አይደለም የሚል ነበረ። ምኒልክ «አሮጌ ቤት ይጠበቅ» ብለው አላዘዙም፤ ቤቱም ያን ጊዜ አሮጌ አልነበረም። ነገር ግን በጥሞና ስንመረምረው ሦስት ትምህርቶችን አገኘንበት።

አንደኛ፥ ቤቱን ያቈየው ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዕለት ዕለት ይከፈታል፤ ይጠረጋል፤ ይጤሳል። ቀዳሽ፥ ዲያቆን፥ ደብተራ፥ ዘበኛ አለው። ጣሪያው አንድ ቦታ ሲያፈስ ውሃው የሚወርደው በማኅሌት በቆመ ሰው ላይ ስለ ሆነ በዚያው ሳምንት ይታወቃል። ምእመናኑም «ቤታችን» ብለው ያዋጣሉ። ባዶ ቤት ግን ሲያፈስ የሚያውቀው የለም። ማንም ሳይሰማ ውሃው ወራጁን ያበሰብሳል፤ ወራጁ ሲወድቅ ግድግዳው ይከፈታል፤ ሰውም የሚያየው ግድግዳው ከተደረመሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፥ አዲሱ ሥራ የቤቱን መልክ ፈጽሞ አላጠፋውም። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክብ ቤተ ክርስቲያን ማየት ለለመደ ሰው የአዲስ ዓለም ማርያም አራት ማዕዘን ቅርጽ አሁንም ስለ መጀመሪያ ዓላማው ይናገራል። መቅደሱ ወደ ቤቱ ገባ እንጂ ቤቱ ለመቅደሱ ሲባል እንደ አዲስ አልተሠራም።

ሦስተኛ፥ ሥራው ለአካባቢው ሰው የሚያስፈልግ ነበረ። በቦታው ለሚኖረው ሕዝብ ትርጕም የሌለው ሥራ ቢሰጠው ኖሮ ቤቱ ተመልሶ ባዶ በሆነ ነበር። ዛሬ በደብሩ ግቢ የንጉሠ ነገሥቱና የሌሎችም ስጦታዎች የሚታዩበት ሙዚየም አለ። ይሁንና ልብ እንበል፤ ሙዚየሙ የቆመው በሕያው ደብር ጥላ ሥር ነው፤ ደብሩን የሚያኖረው ሙዚየሙ ብቻ አይደለም። በከተማችን ስብሰባ ላይ እኛ የተሳሳትነው በዚህ ነበር።

፭. ሌሎች ቤቶች፥ ሌላ ዕድል

በአንድ ምሳሌ ብቻ መፍረድ እንዳይሆንብን ሌሎች ስፍራዎችንም እንመልከት።

አንኮበር ለአዲስ ዓለም ተቃራኒ ምሳሌ ናት። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ይህች የተራራ ከተማ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ቤተ መንግሥቷ የሚሠራው ሥራ አጣ። ዛሬ ከቀድሞው ግቢ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍራሽ ነው። በቅርብ ዘመን በዚያው ኮረብታ ላይ የቀድሞውን አምሳል የተከተለ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ሥራው ለከተማይቱ እንግዳ ማምጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን በፍራሽ ላይ አምሳልን መሥራትና የቆመን ቤት መጠገን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በፊተኛው ጊዜ የጥንቱ አናጢ እጅ የነካው እንጨት አይገኝም።

ሐረር ደግሞ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላት። በጁገል ውስጥ «የራስ ተፈሪ ቤት» ተብሎ የሚጠራው ያጌጠ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ለብዙ ዘመን ከተጐሳቈለ በኋላ ተጠግኖ፥ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የሐረር ሰው በብዙ ዓመት ድካም የሰበሰቡት የልብስ፥ የመጽሐፍ፥ የገንዘብና የድምፅ ቅርስ የሚገኝበት ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየም ቤትን ሊያኖር የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ አስቀድሞ የሚታይ ነገርና በየቀኑ የሚደክምለት ሰው ሲኖር ማለት ነው። ከዚያው ሳይርቅ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባል ሌላ ባለ ሰገነት ቤት አለ። ገጣሚው በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በሐረር በንግድ ሥራ መኖሩ እርግጥ ቢሆንም በዚያ ቤት ስለ መኖሩ ማስረጃ የለም። ቤቱ ግን ታድሶ ስለ እርሱና ስለ ጥንታዊት ሐረር ፎቶግራፎች የሚታዩበት ሆኗል። ከዚህ የምንማረው፥ ሕዝብ ለቤት የሚሰጠው ስምና የቤቱ እውነተኛ ታሪክ ሊለያዩ እንደሚችሉ፥ ተማሪም ሁለቱን ለይቶ መጻፍ እንደሚገባው ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በገባች ጊዜ የተመዘገበው የአንድ ቤት ታሪክ ሳይሆን ሕዝብ የሚኖርበት የጠቅላላው ከተማ ታሪክ ነበረ።

፮. አጠጋገኑስ እንዴት ይሁን?

ቤት ሥራ ካገኘ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የአጠጋገኑ ነው። በዚህ ነገር በብዙ አገር የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ ከተማ የወጣው የቅርስ ጥገና ቻርተር ነው። ከሐሳቦቹ መካከል ለእኛ የሚጠቅሙት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፥ አሮጌን ቤት ለሕዝብ በሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል ጥበቃውን ያቀልላል፤ ነገር ግን ሥራው የቤቱን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ የለበትም። ሁለተኛው፥ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ማቆም አለበት። ሦስተኛው፥ በጐደለው ክፍል የሚተካው አዲስ ነገር ከቀድሞው ጋር ይስማማ፤ ግን ተመልካች ለይቶ ያውቀው ዘንድ ይገባል።

ስለ መሣሪያውም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ግንብ በሲሚንቶ እንለስነው» ይባላል። የጭቃና የኖራ ግንብ ግን ይተነፍሳል፤ እርጥበት ይገባበታል፥ ተመልሶም ይወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል። ሲሚንቶው ጥቂት ሲሰነጠቅ ውሃ በስንጥቁ ይገባና በውስጡ ታስሮ ይቀራል፤ ጭቃው ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም ጠንካራው ልስን ደካማውን ግድግዳ ይዞት ይወድቃል። በጎንደር ግንቦች ላይ በወረራው ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለግንቦቹ ባሕርይ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ ከዚያ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ኖራ ለኖራ፥ ጭቃ ለጭቃ፥ ጥድ ለጥድ ማለት የባላገር ኋላ ቀርነት ሳይሆን የዕውቀት ቃል ነው።

የሥራው ተራም ከላይ ወደ ታች ነው። አስቀድሞ ክዳኑና አሸንዳው ይስተካከላል፤ ቀጥሎ ከመሠረቱ ዙሪያ የዝናቡ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይቈፈራል፤ ከዚያ ምስጥ የበላው እንጨት ይለወጣል፤ ልስንና ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘብ ሲገኝ ቀለሙ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ለምረቃ የሚታየው እርሱ ነው።

፯. ሕጉና ወጪው

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ ጥንታዊ ብሎ የቈጠረው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነው። በዚህ መለኪያ አዲስ ዓለምም ሆነ አብዛኞቹ የገጠር ከተሞቻችን አሮጌ ቤቶች ከዐዋጁ ውጪ ነበሩ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 ግን ቅርስን በዚያ ዓመት አልወሰነም፤ በታሪክ፥ በባህልና በጥበብ ባለው ጥቅም መዘነው እንጂ። ቅርስ በግል እጅም ሊኖር እንደሚችል፥ ባለቤቱ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፥ የጥገና ሥራም ከመጀመሩ በፊት ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት መፍቀድ እንዳለበት ደነገገ። እንግዲህ በሕግ በኩል በሩ ተከፍቷል።

የሚከራከሩን ሰዎች የሚያነሡት ግን ከሕጉ ይልቅ ወጪውን ነው። «ከተማው ድኻ ነው፤ አዲስ ሱቅ ኪራይ ያስገባል፤ አሮጌ ቤት ገንዘብ ይበላል» ይላሉ። ይህን ክርክር ልንንቀው አይገባም። የውሃ ቧንቧና የመንገድ መብራት ለጐደለው ከተማ ገንዘብ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ በሙሉ አልተሰላም እንላለን። የቆመ ግንብ፥ የተጠረበ ድንጋይ፥ የደረቀ የጥድ ምሰሶ አስቀድሞ የተከፈለበት ሀብት ነው። ሲፈርስ ማፍረሻም ይከፈልበታል፤ ከዚያ ደግሞ ለአዲሱ ሲሚንቶና ብረት ከሩቅ በመኪና ይመጣል። ጥገና ግን ከገንዘቡ ብዙውን የሚከፍለው ለእጅ ሥራ ነው፤ እጁም የአገሩ አናጢና የአገሩ ግንበኛ እጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ተረት እንዳይደርስብን ሁለቱንም ሒሳብ ጐን ለጐን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

፰. ወደ ገበያው ቤት ስንመለስ

ይህን ካነበብን በኋላ በገና ዕረፍት ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ ንግግር አላደረግንም፤ ገመድና መሰላል ይዘን ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ጋር ቤቱን ለካን። አባባ እያንዳንዱን ምሰሶ በመዶሻ እጀታ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። «ይህ ይናገራል፥ ደኅና ነው፤ ይህ ዲዳ ሆኗል» ይሉናል። ከላይኛው ደርብ ምሰሶዎች መካከል ዲዳ የሆኑት አራት ብቻ ነበሩ፤ አራቱም በሰሜን በኩል ባለው በአንድ ጥግ ላይ ናቸው። ለምን እንደ ሆነ ስንመለከት ከጥጉ በላይ ያለው አሸንዳ ተገንጥሎ ወድቋል። በየክረምቱ የጣሪያው ውሃ የሚወርደው በዚያ ግድግዳ ላይ ነበር። ቤቱን ለመፍረስ ያደረሰው እርጅና ሳይሆን አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የወደቀ ቆርቆሮ ነበረ። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለውን አባባል የዚያን ዕለት በዐይናችን አየነው።

እንግዲህ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። የታችኛው ደርብ ክፍሎች በሮቻቸው ወደ ገበያው ስለሚከፈቱ፥ ዛሬ በፀሓይና በዝናብ ለሚሸጡት ባለ ጉልቶች በአነስተኛ ኪራይ ይሰጡ፤ ኪራዩም ለቤቱ ጥገና ብቻ ይዋል። የላይኛው ደርብ የከተማው ተማሪ ማታ የሚያነብበት መጽሐፍ ቤት ይሁን፤ የእኛ ትምህርት ቤት ከከተማ ራቅ ያለ ስለ ነበር ተማሪ በቤቱ በኩራዝ የሚያነብበትን ችግር እናውቀዋለን። በአንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የቤቱ ታሪክ፥ የፍርድ ቤቱም ዘመን፥ የወረራውም ዘመን ሳይቀር፥ ተጽፎ ይለጠፍ። ቤቱ ያየው ሁሉ የሚያኰራ አይደለም፤ ገዢው ባላገሩን ያስጠበቀበት ደጅ ይህ ነው፤ ጠላትም የተቀመጠበት ሰገነት ይህ ነው። እርሱን ማፍረስ ግን ያን ዘመን ከመርሳት በቀር ሌላ አይጨምርልንም።

ሐሳባችን ወደ ከተማው ምክር ቤት ከንድፉ ጋር ቀርቧል። የሚቃወሙትም የሚደግፉትም አሉ፤ ውሳኔው ገና አልተሰጠም። በአዲስ ዓለም ቤቱ ምን እንደሚሆን የወሰነው የአንድ ንጉሥ ቃል ነው። በእኛ ከተማ ግን ብዙ ሰው በብዙ ስብሰባ መስማማት አለበት፤ ይህም ይዘገያል። ቢሆንም ቤቱን በኋላ የሚጠርጉት እነዚሁ ሰዎች ስለ ሆኑ መዘግየቱን አንጠላውም።

ይህን ለሚያነቡ ባልንጀሮቻችን የምናቀርበው ልመና አንድ ነው። እያንዳንዳችን ከየአውራጃው የመጣን ነን፤ በየከተማችንም መካከል አንድ የተቈለፈ ቤት አይጠፋም። በሚመጣው ዕረፍት አንድ ገመድ፥ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ይዘን ያን ቤት እንለካ፤ ሽማግሎቹን እንጠይቅ፤ ስሙንና እውነቱን ለይተን እንጻፍ። ከዚያ በኋላ ግን «ቅርስ ነው» ከማለታችን በፊት «ማን ይጠርገዋል?» ብለን እንጠይቅ።

ከከተማው ስንነሣ ለእማማ የተመለከትነውን ነገርናቸው። በጥሞና ከሰሙን በኋላ፥ «አሸንዳውን ለማሰር ስንት ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁን። አባባ አናጢው ዋጋውን ሲነግሯቸው ወደ ጐረቤቶቻቸው ዘወር ብለው መቍጠር ጀመሩ። በማግስቱ ጠዋት በመኪና ስናልፍ መሰላሉ በሰሜኑ ጥግ ቆሞ አየነው። ምክር ቤቱ የሚወስነውን ባናውቅም፥ በሚመጣው ክረምት ውሃው በዚያ ግድግዳ ላይ አይወርድም።